ከሲኒማው ግድግዳ ማዶ

ዓባይነሽን የማያውቅ የአሰብ ሰው ቢኖር ልብስ አልለበሰም ማለት ነው። የጉምሩክ ጸሐፊዎች ሱሪ፣ የአስተማሪዎቹ ካኪ፣ የወደብ ሠራተኛው ቱታ፣ የባለ ሱቆቹ ሚስቶች የኢድ ቀሚስ፣ ሁሉም በእሷ የስፌት መኪና መርፌ ሥር አልፏል። የወልድያ ልጅ ናት። ባሏን ተከትላ ወደ አሰብ የወረደችው ፌዴሬሽኑ በታወጀ በዓመቱ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙቀት አይታ «እኔስ እዚህ ምድጃ ውስጥ አልቀመጥም» ብላ ሻንጣዋን ሳትፈታ ከረመች። ባሏ ሀብቴ አልተከራከራትም። «ሻንጣው እንደታሰረ ይቆይ፤ አንቺ ብቻ ቁጭ በይ» አላትና ሳቀ። ቁጭ አለች። ሻንጣውን ግን ምስጥ እስኪጨርሰው ድረስ አልፈታችውም። እልኸኛ ነበረች፤ ይህን እልኋን ልብ በሉልኝ።

ሀብቴ የመንግሥት ሞተር ጀልባ መካኒክ ነበር። ጀልባዋ ዱቄትና ፖስታ ጭና በስተሰሜን ባሕር ዳር እስካለችው ጥዖ ድረስ ትወጣለች፤ ዓሣና ወሬ ጭና ትመለሳለች። አሮጌ ናት። ሞተሯ እንደ ሌሎቹ አያጓራም። ዱብ፣ ዱብ ይልና ትንሽ ዐርፎ፣ የቆመ መስሎ ሰውን ካስደነገጠ በኋላ፣ ደግሞ ዱብ ይላል። ሀብቴ «ልቧ ደካማ ነው፤ ግን ጨዋ ናት፣ መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም» እያለ ይቀልድባት ነበር። ዓባይነሽ ያን ድምፅ ከሩቅ ስትሰማ ስፌቷን ትታ ትነሣለች፤ የሚታጠብበትን ውኃ ታቀርባለች፤ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች። ልጅ አልሰጣቸውም። እሱም እሷም ስለዚህ ብዙ አያወሩም ነበር።

በአንድ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሀብቴ ከሁለት የራሔይታ መንደር አፋሮች ጋር ወደ ጥዖ ወጣ። በወጡ ማግሥት የደቡቡ ነፋስ ተነሣና የሰው ጣራ ቆርቆሮ እየነቀለ ሰነበተ። ጀልባዋ ጥዖ አልደረሰችም፤ ወደ አሰብም አልተመለሰችም። ነፋሱ ሲበርድ ዓሣ አጥማጆች የጀልባዋን የእንጨት በርና ባዶ የናፍታ በርሜሎች ከባሕሩ ዳር አገኙ። ሰው አላገኙም። የሁለቱ አፋሮች ወገኖች ራሔይታ ላይ ወሬውን ሰምተው ልጆቻቸውን አለቀሱ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ሐዘናቸውን ጨርሰው ወደ መረባቸውና ወደ ፍየሎቻቸው ተመለሱ። ዓባይነሽን ወደቡ ድረስ ወስደው በሩንና በርሜሎቹን ሲያሳዩዋት ግን ዞር ዞር ብላ አየችና «ይኼ እንጨት ነው፤ ይኼ ቆርቆሮ ነው። ባሌ የታለ?» አለች።

በዚያው ሰሞን ነው የሥዕሉ ፊልም የመጣው።

ሲኒማው ከዓባይነሽ ቤት ጀርባ ነው። ሲኒማ ስላልኩ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጣራ የሌለው ግቢ ነው፤ ዙሪያውን ከባሕር በወጣ ድንጋይ የታጠረ፣ ወዲያ ጫፍ ላይ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ያለው፣ ወዲህ አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት፣ ከኋላ ደግሞ ማጫወቻው የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ያለችው። ባለቤቱ ጣሊያን አስመራ ሄዶ ከቀረ ወዲህ ሥራውን ሁሉ የያዘው ክንፈ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ክንፈ በወጣትነቱ በማርሽ ባንድ ውስጥ መለከት ይነፋ ነበር። ጥርሱ ሲረግፍ መለከቱን ተወና ፊልም ማጫወት ለመደ። ደግ ሰው ነው፤ ሰው ተከፍቶ ከግቢው ሲወጣ ማየት አይወድም።

ፊልሙ ከምጽዋ በመርከብ መጣለት። ሰው የሚጫወትበት አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥዕል የተሠራ ነው። ዐይንና ሽፋሽፍት ያላት ትንሽ ጀልባ፣ አፍንጫው ድንች የመሰለ አንድ ሽማግሌ መርከበኛ፣ ባሕር፣ አንድ መንደር፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ክንፈ ሣጥኑን ከፍቶ ጥቂቱን ወደ ብርሃን ይዞ ሲያይ «የሕፃን ማባበያ ልከውብኛል» ብሎ አጉረመረመ። ማታ ሲያጫውተው ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። ፊልሙ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚናገረው ሙዚቃው ነው። ሽማግሌው ደረጃ ሲወርድ ዋሽንቱ አብሮት እየዘለለ ይወርዳል። ጀልባዋ ስትደክም ቫዮሊኖቹ ይደክማሉ። ከጀልባዋ ሸራ ጠብ የምትል የውኃ ጠብታ እንኳ የራሷ ድምፅ አላት። ክንፈ በማግሥቱ ለሰው ሁሉ ሲያስረዳ ዋለ። «ይኼ የአምስት የስድስት ሰው ሥራ አይደለም። አዳራሽ ሙሉ ሙዚቀኛ ተቀምጦ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሰውዬ በትር ነው የሚተነፍሰው። እኔ ባንድ ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር የሰማሁት በሕልሜ ብቻ ነው» ይላል።

ሰውም ወደደው። ያዩት ተመልሰው ያዩታል። አፋሩም፣ የመኑም፣ ደገኛውም፣ የቀሩት ጥቂት ጣሊያኖችም አንድ አግዳሚ ላይ ተጣበው አንድ ቦታ ላይ ይስቃሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ዝም ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ወደቡ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው ሁሉ የፊልሙን ዜማ በአፍንጫው እያንጎራጎረ ነው የሚሄደው። ሚስቶቻቸው ልብስ ሲያጥቡ ያንኑ ያንጎራጉራሉ።

ዓባይነሽ አልገባችም። ባሏ ባሕር ላይ የቀረ ሴት ሲኒማ ገባች ቢባል አሰብ ሌላ ወሬ አያስፈልጋትም። ሐዘንተኛ እንዳትባል መርዶ አልተረዳችም፤ ባለ ባል እንዳትባል ባሏ የለም። ነገር ግን ሙዚቃውን ግድግዳ አይከለክለውም። ማታ ማታ ቁልፍ የሚተከልላቸውን ሸሚዞች ይዛ ከጓሮዋ ትወጣና የሲኒማውን ግድግዳ ተደግፋ ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች። ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ነው። ወፍራሞቹ ድምፆች በጆሮ ሳይሆን በድንጋዩ በኩል በጀርባዋ ነበር የሚገቡት።

የመጀመሪያው ክፍል ሲጫወት ምንም አልመሰላትም። ጨዋታ ነው፤ መዶሻ ነው፤ ጀልባ ሲሠራ ነው። ሁለተኛው ሲጀምር መርፌዋ ቆመ። ነፋሱ መጣ። ቫዮሊኖቹ ሁሉ ባንድ ላይ እየተንቀጠቀጡ ወጡ፣ ከበሮው ከሥር ተገለበጠ፣ መለከቶቹ እንደ ጠፋ ሰው ተጣሩ። ከዚያ ሁሉ ሥር፣ ከድንጋዩ ውስጥ፣ ዱብ፣ ዱብ። ትንሽ ዐረፈ። የቆመ መሰለ። ደግሞ ዱብ። የጀርባዋ ቆዳ ሁሉ ተነሣ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ከአሰብ ሰው ሁሉ አብልጣ ታውቀዋለች። እየራቀ፣ እየደከመ ሄደና አንድ ዋሽንት ብቻ ቀረ፤ የሚያለቅስም የማያለቅስም የማይመስል ዋሽንት። እሱም ዝም አለ።

ክንፈ ያለው ማጫወቻ አንድ ነው። አንዱ የፊልም ጥቅል ሲያልቅ ሌላውን እስኪያስገባ ድረስ ሲኒማው ዝም ይላል፤ ሰው ይስላል፣ ወንበር ይንቋቋል። ዓባይነሽ በዚያ ዝምታ ውስጥ ትንፋሿን ይዛ ተቀመጠች። ሀብቴ እዚያ ውስጥ ነበረ። ይኼን ለማንም አልተናገረችም፤ ግን እዚያ ውስጥ ነበረ፣ በጨለማው ውኃ ላይ፣ ሞተሩን እያባበለ።

ከዚያ ሦስተኛው ጥቅል ጀመረ። መለከቶቹ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ ብቅ አሉ። ቫዮሊኖቹ ተቀበሏቸው። ዱብ ዱቡ ተመለሰ፤ ቀረበ፣ ደመቀ፣ ደወል ተደወለ፣ ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ እልል ያለ መሰለ። አንድ ሰው ወደ ቤቱ እየገባ ነው። ሙዚቃ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ ሊናገር እንደሚችል አታውቅም ነበር። በግድግዳው በኩል የናፍታ ሽታ የመጣባት መሰላት። ሸሚዙን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ የደስታ ለቅሶ ነበር።

ያን ማታ ለራሷ ቃል ገባች። ሙዚቃው ወደ ቤት የሚያስገባው ከሆነ ሀብቴ ይመጣል። በማግሥቱም ሰማች፤ አስገባው። በሦስተኛው ማታም አስገባው። በቃ፣ የሷ ነገር አለቀ።

መርዶ የመጣባት በዚህ መካከል ነው። መርዶ እንደምታውቁት ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ በር ላይ ይቆማል፤ በሩን የከፈተው ሰው ፊታቸውን ሲያይ ነገሩን ይጨርሰዋል፤ ተናጋሪው ብዙ መናገር አያስፈልገውም። መምሬ ወልደየሱስ ከፊት ሆኑ፣ የወደቡ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ጎረቤቷ ራዲያና ባሏ ጀላሉ ከጎን። ዓባይነሽ በሩን ከፈተች። አንድ በአንድ አየቻቸው። አልጮኸችም።

«እንደምን አደራችሁ?» አለች።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን ሲወስድ...»

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግዚአብሔር ወስዶት ከሆነ እጅ በእጅ ያስረክበኝ። እኔ ሰው ነው የላክሁት፣ ሰው ነው የምቀበለው። አሁን ሥራ አለብኝ» ብላ በሩን ዘጋችባቸው። እዚያው ቆመው የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ሰሙ።

እንዲህ ያለ ነገር አሰብ አልታየም። መርዶ ይመራል እንጂ አይመለስም። ሕዝቡ ሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «አብዳለች» አለ፣ ግማሹ «ተዉአት፣ ጊዜ ስጧት» አለ። መምሬ ወልደየሱስ ግን እንቅልፍ አጡ። ሚስት ሳትረዳ ፍትሐት ማድረስ ከበዳቸው። የሀብቴ እናት እማማ ላቀች ደግሞ ወልድያ ተቀምጠው ስለ ልጃቸው አንድም ነገር አልሰሙም። ሚስቱ ያልተቀበለችውን መርዶ ማን ተነሥቶ ለእናቱ ይነግራል? መምሬ አንድ ቀን ቤቷ ድረስ መጥተው «የሰውዬው ነፍስ መካከል ላይ ቆማለች፣ ልጄ። ጸሎት አልደረሰላትም፣ እናቱ አላለቀሱለትም። ያቆምሽው አንቺ ነሽ» አሏት። ዓባይነሽ ይኼ ነገር እንደ ጋለ ብረት ነው የገባባት። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ነገር ግን ሲመሽ ደግሞ ግድግዳውን ተደገፈች፣ ዱብ ዱቡ ሄደ፣ ዱብ ዱቡ ተመለሰ፣ ደወሉ ተደወለ። «ይመጣል» አለች።

ሰውነቷ ግን ጠፋ። ቀን የምትሰፋው ይዛባባት ጀመር። ሰው ሲያናግራት ጭንቅላቷን ወደ ባሕሩ አዘንብላ ትቆማለች። አንዳንድ ጊዜ በእኩለ ቀን፣ ሲኒማው ተዘግቶ እያለ፣ ብድግ ብላ የመታጠቢያውን ውኃ ታቀርባለች። ራዲያ ይህን አየች። ራዲያ የወሎ ሰው ናት፤ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ቅቤ። «ዓባይዬ፣ ምን ሰምተሽ ነው?» ስትላት ዓባይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሥጢሯን አወጣች። ራዲያ ሰምታ አልሳቀችም።

በታኅሣሥ አጋማሽ ክንፈ ፊልሙ ሊመለስ መሆኑን ተናገረ። መርከቡ ዘግይቶ ነው እንጂ ፊልሙ ቀድሞ መሄድ ነበረበት። ዓባይነሽ ይህን ስትሰማ መቀስ ከእጇ ወደቀ። ሙዚቃው ከሄደ ሀብቴን ማን ያስገባዋል?

«አንድ ጊዜ በዐይኔ ልየው፣ እትዬ ራዲያ» አለች። «ሲገባ ልየው።»

«እንግዲያው የኔን ልበሺ» አለች ራዲያ፣ ጥቁር ሻርፗን ከነመሸፈኛው እያወጣች። «ይህን ከተከናነብሽ ማንም ለይቶ አያውቅሽም። ጀላሉ እንኳ ገበያ ላይ እኔ መስዬው ስንቷን ሴት ሰላም ብሏል መሰለሽ።»

ማታ ተከናነበችና ሲኒማው ገብታ ከሴቶቹ መካከል ከኋላ ተቀመጠች። መብራቱ ጠፋ። ዓባይነሽ ዐይኗን ማመን አቃታት። ያ ሁሉ ማታ ጀርባዋን ያንቀጠቀጣት ነገር ባለ ሽፋሽፍት ጀልባ ሆኖ ቁጭ አለ። አፈረች፤ ለዚህች ነው ያን ሁሉ ያለቀስኩት ብላ ራሷን ረገመች። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ሴቶቹ ይስቃሉ። ነገር ግን ሙዚቃው አለቀቃትም። ሥዕሉን ረስታ ሥዕሉ ውስጥ ገባች። የልብስ ሰፊ ዐይን ደግሞ ዐይን ነውና ልብሱን ሁሉ አየች። የሽማግሌው ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ተጥፏል፤ ሥዕሉን የሠራው ሰው የመጣፊያውን ክር ሳይቀር አንድ በአንድ ሥሎታል። ጀልባዋ ጫፍ ላይ ደግሞ ቀይ ባንዲራ አለ።

ነፋሱ መጣ። ባሕሩ ተገለበጠ። ቀዩ ባንዲራ መሐል ለመሐል ተቀደደ፤ ግማሹን ነፋስ ወሰደው። ዱብ ዱቡ ደከመ። ጀልባዋ ከማዕበሉ ኋላ ሄደች። ዋሽንቱ ባዶ ውኃ ላይ ሲጫወት ባሕሩ ዳር አንዲት መብራት ብቻ ትታይ ነበር። ከዚያ ጥቅሉ አለቀ፤ ዝምታው መጣ፤ ክንፈ ሌላውን አስገባ። መለከቶቹ ከሩቅ ተሰሙ። ጀልባዋ አበባ ተሸልማ፣ ደወል እየተደወለላት፣ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ እየተቀበላት ገባች። ቀዩ ባንዲራ ጫፏ ላይ ይውለበለባል፤ ሙሉ ነው።

ዓባይነሽ ተነሥታ ቆመች። ከኋላዋ ያሉት «ቁጭ በይ» አሏት። ባንዲራውን ተመለከተች። ክር የለበትም። መጣፊያ የለበትም። የሱሪን መጣፊያ ክር በክር የሣለ ሰው የባንዲራን ስፌት አይረሳም። ይኼ ባንዲራ ተቀዶ አያውቅም ማለት ነው። ገና አልተቀደደም። ሙዚቃው ወደ ማለቂያው ሲደርስ እሷ ውጭ ነበረች፤ የራዲያን ሻርፕ መሬት ለመሬት እየጎተተች።

በማግሥቱ ጠዋት ክንፈ ጋ ሄደች። ሽማግሌው በጠባቧ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፊልሙን በእጁ እያዞረ ይጠቀልል ነበር።

«ጋሼ ክንፈ፣ የኋለኛው ጥቅል የቱ ነው?» አለችው።

እጁ ቆመ። ሊዋሻት አስቦ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

«ቁጭ በይ» አላት። ቆማ ቀረች። «የመጀመሪያው ማታ እንደ ደንቡ ነው ያጫወትሁት። ፌሽታው መካከል፣ ማዕበሉ መጨረሻ። ልጆቹ እያለቀሱ ወጡ። የወደቡ ሰዎች ‹ከባሕር መጥተን የባሕር ሞት ታሳየናለህ?› ብለው ተቆጡኝ። እኔ ደግሞ ሰው ተከፍቶ ሲሄድብኝ አልወድም። በበነጋው ሁለቱን ጥቅሎች አቀያየርኋቸው። ንግግር የለው፣ ማን ያውቃል? ሰው ሁሉ እየሳቀ ወጣ።»

«መጨረሻው ማዕበሉ ነው» አለች ዓባይነሽ።

«የሠራው ሰው እንዲያ ነው የሠራው።»

«ለምን አላስተካከልኸውም?»

ክንፈ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። «መርዶውን ስትመልሺ ሰማሁ። ግድግዳው ሥር እንደምትቀመጪም አውቃለሁ፤ ማታ በር ስዘጋ አይሻለሁ። ጌታ ይመስክርብኝ፣ ላስተካክለው ብዬ ስንት ጊዜ እጄን ዘርግቼ መልሻለሁ። ያስተካከልሁት ቀን የምገድልሽ መሰለኝ።»

ውጭ የወደቡ ጭነት መኪናዎች ያጓራሉ።

«ዛሬ እንደ ደንቡ አጫውተው» አለች።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ሥዕል ነው። ሀብቴን አያውቀውም። የሆነ አገር ያለ ሰው ቀለም ቀብቶ፣ ሌላው ነፍቶ፣ ሌላው መትቶ የሠራው ነው። ምን አገናኘው ካንቺ ባል ጋር?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ሞኝ አይደለሁም። ግን እኔ ያመንኩት እሱን ነው። መምሬን አላመንሁም፣ በርሜሉን አላመንሁም፤ እሱን አመንሁ። ያመንሁት ነገር ራሱ ይንገረኝ።»

«መርዶ ነጋሪ አታድርጊኝ» አለ ክንፈ። «ባረጀሁበት ዘመን ይኼን አታሸክሚኝ።»

«ሽማግሌዎቹን መልሻለሁ» አለችው። «አንተን አልመልስህም።»

ማታ ሰው ግቢውን ሞላው፤ ፊልሙ ነገ ይሄዳል ስለተባለ ያልመጣ አልነበረም። ዓባይነሽ አልገባችም። በጓሮዋ ዞራ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ስፌት አልያዘችም። ራዲያ ሳትጠራ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

መዶሻው ተጫወተ፣ ጀልባዋ ተሠራች። ዝምታው መጣ። ከዚያ፣ ከማዕበሉ አስቀድሞ፣ ፌሽታው ገባ። ዓባይነሽ ዐይኗን ጨፈነች። ዱብ ዱቡ በድንጋዩ ውስጥ እየቀረበ ሲመጣ አልከለከለችውም። ሀብቴ በየሳምንቱ እንዲህ ይገባ ነበር። ዓሣ ተሸክሞ ይገባ ነበር፤ እጁ ናፍታ እየሸተተ ይገባ ነበር፤ «ሻንጣሽን ፈታሽ?» እያለ ይገባ ነበር። ያ ሁሉ መግባት እውነት ነው። ማንም አይወስድባትም። ደወሉ ሲደወል ፈገግ አለች፤ ራዲያ ያን ፈገግታ አይታ ፈራች።

ዝምታው መጣ። ይኼኛው ዝምታ እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ ከኋላው የሚመጣውን ታውቃለች። ቫዮሊኖቹ ተንቀጠቀጡ። ማዕበሉ ተነሣ። ዱብ፣ ዱብ። ዐረፈ። ዱብ። ዐረፈ። ዓባይነሽ ሁለት መዳፏን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አልመጣም። ዋሽንቱ ብቻውን ወጣ፣ ተጫወተ፣ ቀጠነ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የጥቅሉ ጭራ ማጫወቻው ላይ ሲማታ ነው።

ከግቢው ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። «ሽማግሌው ጥቅሉን አምታታው እኮ» ይላል አንዱ። «አርጅቷል፤ በመጨረሻው ቀን አበላሸው» ይላል ሌላው። ክንፈ ጥቅሎቹን ወደ ሣጥናቸው መለሰ። ሰው እየተነጫነጨ ወጣ።

«እትዬ ራዲያ» አለች ዓባይነሽ።

«አቤት እናቴ።»

«ጠዋት ይምጡ በያቸው።»

ጎሕ ሲቀድ መጡ። ዓባይነሽ ሌሊቱን ቤቷን ጠርጋ፣ የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ የሀብቴን የሥራ ልብስ አጥፋ አልጋው ላይ አስቀምጣ ነበር። ሳያንኳኩ ከፈተችላቸው። መምሬ ወልደየሱስ ከፊት ናቸው። ክንፈ ከሁሉ ኋላ ቆሟል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። መምሬ ያለፈው ትዝ ብሏቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ይናገሩ አባቴ» አለች። «ዛሬ እሰማለሁ።»

«ሀብቴ ዐርፏል» አሏት።

ያን ጊዜ ጮኸች። የያዘችውን ሁሉ ነው የለቀቀችው፤ ወደቡ ድረስ ተሰማ ይላሉ። የሥራ ልብሱን ታቅፋ እየዞረች አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ ስሙን ጠራች። ሴቶቹ ከበቧት፣ ድንኳን ተተከለ፣ ፍትሐቱ ደረሰ። ራዲያ ከእስላሙ ሰፈር ሴቶቹን ሁሉ ይዛ መጥታ ጎንበስ ብላ አብራት አለቀሰች።

እኩለ ቀን ሲሆን ለቅሶው በረድ አለ። መምሬ ወልደየሱስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ድንኳኑ ጥግ ላይ ሲንሾካሾኩ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የደሴው መኪና ነገ ይወጣል። ለእናቱ ማን ሄዶ ይንገራቸው?» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ክንፈ ባርኔጣውን ወደ ማየት ዞረ። ይህን ሸክም የሚፈልግ ሰው የለም።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ዓባይነሽ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ድምፅዋ ሰልሏል፤ ዐይኗ አብጧል።

«አንቺማ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ልጄ። አይሆንም» አሉ መምሬ።

«እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለች። «በር ላይ ቆሜ ‹ዐርፏል› አልላቸውም። መጀመሪያ ወደ ቤት የገባባቸውን ቀኖች እነግራቸዋለሁ፤ አንድም ሳላስቀር፣ እስኪስቁ ድረስ። ከዚያ ባሕሩን እነግራቸዋለሁ።»